የኬሚካዊ ለውጥን ፍጥነት ለመለካት ስለሚመረጥ ዕቃ

በገለጉ ቆላ ማለዳ የታለበ ወተት ቶሎ ይኮመጥጣል፤ በደጋ ግን ይዘገያል። ሙቀት ለውጥን ያፈጥናልና። ስለዚህ ለትምህርት ቤት ዕቃ የሚመርጥ መምህር ከሰዓት ቀጥሎ ቴርሞሜትር ይያዝ፤ ያለዚያ የማለዳው ሙከራ ከቀትሩ ጋራ አይነጻጸርም።

ስለ ሚዛን ግን ማሰብ ይገባል። 1 ግራም ንጹሕ የኖራ ድንጋይ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲሟሟ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.44 ግራም ብቻ ነው፤ ይህን የገበያ ሚዛን አያየውም። የሚይዘው ቦታ ግን ከ200 ሚሊ ሊትር ይበልጣል። እንግዲህ የልክ ምልክት ያለበትን ብርጭቆ ውሃ ሞልቶ በውሃ ገበታ ላይ መድፋት፥ ጋዙን በቀጭን ቱቦ ወደ ውስጡ መስደድ፥ በየግማሽ ደቂቃው የወረደውን ውሃ መጻፍ ከውድ ሚዛን ይሻላል። ጋዙ በጥቂቱ በውሃ ይሟሟልና ውሃው ለብ ያለ ይሁን።

የመኪና ባትሪ አሲድ ግን፥ በቅርብ ቢገኝም፥ ለዚህ አይረባም፤ ድንጋዩን በጂፕስ ሸፍኖ ለውጡን ያግደዋል፥ ዓይንንም ያጠፋል።