አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም በድንገት ሲዘጋ ‘ፎርማት’ ከማድረግ በፊት ምን ይሞከር?

ከጆሃንስበርግ በስተሰሜን ምዕራብ በሚገኘው ኮዝሞ ሲቲም ሆነ በመሰል ሰፈሮች ለአነስተኛ ሱቅ የሚገዛ ኮምፒውተር ያገለገለ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ 7 የተጫነበት ማሽን የዕቃ ዝርዝርና የዱቤ ሂሳብ ይዞ ለዓመታት ይሠራል፤ አንድ ቀን ግን ፕሮግራሙ “መሥራት አቁሟል” የሚል መልእክት አሳይቶ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የተለመደ ምክር ፎርማት ማድረግ ነው። ኮምፒውተሩ ይድናል፤ ማን ስንት ራንድ እንዳለበት የሚያሳየው መዝገብ ግን አብሮ ይጠፋል።

የፕሮግራም መዘጋት የመረጃ መጥፋት አይደለም። ስለዚህ ከማንኛውም ሙከራ በፊት መዝገቡን ወደ ፍላሽ መገልበጥ ያስፈልጋል። ዊንዶውሱ ራሱ አልነሳ ካለ፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ የኤፍ8 ቁልፍን ደጋግሞ በመጫን ‘ሴፍ ሞድ’ ገብቶ መገልበጥ ይቻላል። በቆዩ የአማርኛ ፕሮግራሞች የተጻፈ ሰነድ ካለ ፎንቱም አብሮ መወሰድ አለበት። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እአአ በ1999 ነው፤ የቀደሙት ፎንቶች ግን ፊደሎቹን በላቲን ሆሄያት ቦታ ያስቀመጡ ስለነበሩ፣ ያለ ፎንቱ ሰነዱ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል።

ቀጥሎ መልእክቱን ሳይዘጉ ዝርዝሩን ማንበብ ነው። በውስጡ የተበላሸው ፋይል ስምና የስህተት ኮድ ይገኛሉ። የተጠቀሰው የፕሮግራሙ የራሱ ፋይል ከሆነ ፕሮግራሙን ብቻ አጥፍቶ እንደገና መጫን ሊበቃ ይችላል። ሲ0000005 የተባለው ኮድ ፕሮግራሙ ያልተፈቀደለትን የማስታወሻ ክፍል ለመንካት መሞከሩን ይገልጻል፤ ምክንያቱን ግን ብቻውን አይናገርም። በየጊዜው የተለያዩ ፕሮግራሞች፣ በተለያዩ ፋይሎች ሰበብ የሚዘጉ ከሆነ ራሙን መጠርጠር ተገቢ ነው። ዊንዶውስ 7 ራሙን የሚፈትሽ መሣሪያ አለው። መልእክቱ ካመለጠም ‘ኢቨንት ቪውወር’ በተባለው መዝገብ ውስጥ ከነሰዓቱ ተጽፎ ይገኛል።

ሰዓቱ ብዙ ይናገራል። ችግሩ የጀመረው መብራት በድንገት ከጠፋ በኋላ ከሆነ፣ በመጻፍ ላይ የነበረ ፋይል ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። የኤስኮም የመብራት ፈረቃ እጅግ በከፋበት በ2023 ይህን መሰሉ ጉዳት የሚጠበቅ ነበር። ‘ቼክ ዲስክ’ ዲስኩን፣ ‘ሲስተም ፋይል ቼከር’ ደግሞ የዊንዶውሱን ፋይሎች ይፈትሻሉ። ችግሩ አዲስ ፕሮግራም ከተጫነ በኋላ የመጣ ከሆነ ‘ሲስተም ሪስቶር’ የግል ሰነዶችን ሳይነካ ወደ ቀድሞው ሁኔታ ይመልሳል።

ጥገና የማይፈታው ችግርም አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እአአ ጥር 14 ቀን 2020 አቁሟል፤ ክሮምም በ2023 ተከትሎታል። ለአዲስ ዊንዶውስ የተሠራ ፕሮግራም በአሮጌው ላይ አልከፈት ቢል ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። እንዲህ ያለውን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት አላቅቆ ለመዝገብ ብቻ ማዋል፣ ባንክና ኢሜይልን ደግሞ በሌላ መሣሪያ መጠቀም ይሻላል።