ፍግና ዳፕ በአርሲ፦ ተነጣጥለው የኖሩ ሁለት ማዳበሪያዎች

የአርሲ የማዳበሪያ ታሪክ ከካዱ ይጀምራል። በስዊድን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1967 አሰላ ላይ ሥራ የጀመረው ይህ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ምርጥ ዘርና የፋብሪካ ማዳበሪያ በብድር አዳረሰ። ዋና ትኩረቱ እህል ነበር። ጎመንና ድንች ጓሮ ቀሩ፤ ጓሮው ደግሞ አመድና እበት ስለሚደፋበት ያለ መካሪም ለምለም ነው። ስንዴ በዳፕ፣ ጎመን በፍግ የሚለው ክፍፍል ሥር የሰደደው በዚያ ዘመን ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው የእርሻ ፕሮግራም፣ ቀጥሎም የመንግሥት የኤክስቴንሽን ፓኬጅ መጣ። ለሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕና አንድ ኩንታል ዩሪያ፣ ለደጋውም ለቆላውም። በእነዚያው ዓመታት የዕፅዋት ተመራማሪዎቹ ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ በትግራይ የኮምፖስት ሥራ ጀመሩ፤ ውጤቱም ወደ መንግሥት ኤክስቴንሽን ገባ። ችግሩ ኮምፖስት ወደ ገበሬው የደረሰው ብዙ ጊዜ በዘመቻ መሆኑ ነው። ጉድጓዱ ለሪፖርት ተቆጠረ፣ ብስባሹ ማሳ መድረሱን የጠየቀ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ የአፈር ካርታ ተሠርቶ ዳፕ ኤንፒኤስ በተባለ ማዳበሪያ ሲተካ ሽንኩርት የሚወደው ድኝ ከረጢቱ ውስጥ ገባ፤ የአፈሩ ብስባሽ ግን በከረጢት አይመጣም።

ፍግንና የፋብሪካ ማዳበሪያን ማጣመር ለምን እንዳስፈለገ ሒሳቡ ይናገራል። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። ያንን ያህል ከፍግ ለማግኘት ወደ 10 ቶን ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያው ዓመት ለተክሉ የሚደርሰውም ከፊሉ ብቻ ነው። ሥሩ አጭር የሆነ ሽንኩርት ይህን አይጠብቅም። ዩሪያ ብቻውን ሲሆን ደግሞ በቦይ ውሃ ታጥቦ ይሄዳል። ፍጉ አፈሩን ያላላል፣ ውሃውንና ንጥረ ነገሩን ይይዛል፤ ዩሪያው ተከፋፍሎ ሲጨመር ተክሉ በሚፈልግበት ሰዓት ይደርስለታል። በአገራችን በድንችና በሽንኩርት ላይ የተሠሩ ሙከራዎችም የፋብሪካውን መጠን ቀንሶ ከፍግ ጋር መስጠት ከሙሉው መጠን የማያንስ ምርት እንደሚያስገኝ ደጋግመው አሳይተዋል። ፍጉ በደንብ መብሰል አለበት፤ ጥሬ እበት የአረም ዘር ይዞ ይመጣል፣ በጥሬው ለሚበላ ቲማቲምና ሰላጣ ደግሞ የበሽታ ምንጭ ነው።

ታዲያ ለምን አልተለመደም? እውቀት ያነሰ አይመስለኝም። እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። የተረፈውም ከባድ ነው፤ አህያ በአንድ ጊዜ 50 ኪሎ ብትጭን 10 ቶን 200 ምልልስ ይወስዳል። ለቤት ቅርብ ለሆነ ማሳ ይቻል ይሆናል፣ ወንዝ ዳር ላለ የመስኖ መሬት ግን ጉልበት ይፈታተናል።

ከሁሉም በላይ የመሬቱ ኪራይ አለ። ሽንኩርት ለአንድ ወቅት በተከራዩት መሬት ላይም ይመረታል። ዩሪያ በዚያው ወቅት ይከፍላል፤ የፍግ ጥቅም ግን ለከርሞና ለቀጣዩ ዓመት ይተርፋል፤ ያኔ ማሳው የሌላ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 የማዳበሪያ ዋጋ ሲንር ስለ ኮምፖስት ብዙ ተወራ፤ ኪራዩ ያመጣውን ችግር ግን ወሬ አይፈታውም። የልማት ሠራተኛው ስለ ብስባሽ አሠራር ያስተምራል፤ ከተከራዩና ከባለ መሬቱ ጋር ተቀምጦ የሁለትና የሦስት ዓመት ውል እንዲዋዋሉ ቢያግባባ ግን ከአሥር ጉድጓድ ይበልጥ ነበር።