ከአዲስ አበባ ዲላ ስንት ሰዓት ነው?

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ሊያየው የሚመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ዲላ ምን ያህል ይርቃል?" ብሎ ነው። አንዱ "360 ኪሎ ሜትር" ይለዋል። ሌላው "ሀዋሳ ድረስ በአውሮፕላን 45 ደቂቃ ነው፣ ከዚያ ቅርብ ናት" ይለዋል። ሁለቱም አልዋሹም። እንግዳው ግን መቼ እንደሚደርስ አሁንም አላወቀም።

ችግሩ ርቀትና ጊዜን መቀላቀላችን ይመስለኛል። ከአዲስ አበባ ሀዋሳ በመኪና 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከሀዋሳ ዲላ ደግሞ 90 ገደማ ነው። የአየር ርቀት ግን በቀጥታ መስመር ስለሚለካ አዲስ አበባና ሀዋሳ 210 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይራራቃሉ።

በአገር ውስጥ በረራ የምናየው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር ይችላል። በዚህ ስሌት ሀዋሳ 21 ደቂቃ መሆን ነበረባት። ታዲያ 45 ደቂቃው ከየት መጣ? የበረራ ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነቃነቀበት ጊዜ ጀምሮ መዳረሻው ላይ እስኪቆም ድረስ ነው። ተራ መጠበቁ፣ ሽቅብ መውጣቱ፣ ለማረፍ ዝቅ ማለቱ ሁሉ ይገባበታል። በአጭር በረራ ላይ በሙሉ ፍጥነት የሚኬደው ለጥቂት ደቂቃ ነው።

በረራው ሲረዝም ነገሩ ይለወጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2010 ዓ.ም. የሳኦ ፓውሎ መስመሩን እስከ ቦነስ አይረስ አራዝሟል። በሁለቱ የደቡብ አሜሪካ ከተሞች መካከል ያለው የአየር ርቀት 1,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህም ከአዲስ አበባ ሀዋሳ ካለው 8 እጥፍ ነው። በረራው ግን 3 ሰዓት ያህል ስለሆነ በጊዜ 4 እጥፍ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዲላው መንገደኛ እንመለስ። ቦሌ ከበረራው 2 ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል። 45 ደቂቃ ይበራል። ሻንጣውን ይዞ ለመውጣትና መኪና ለማግኘት 30 ደቂቃ ስጡት። በይርጋለም መገንጠያና በጩኮ አድርጎ ዲላ ለመግባት ደግሞ 2 ሰዓት ተኩል እንያዝለት። ድምሩ 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይሆናል፤ ከቤቱ ቦሌ የሚፈጅበት ገና አልተቆጠረም። በሰማይ ላይ የሄደበት ጊዜ የጉዞው ስምንተኛ እጅ ያህል ነው ማለት ነው። በአውቶቡስ ቢመጣ 7 ወይም 8 ሰዓት ይፈጅበት ነበር። አውሮፕላኑ ይቀድማል፣ ግን የሚቀድመው በስም የሚያስበውን ያህል አይደለም።

ሰዓት አቆጣጠራችንም ይጨመርበት። ትኬት ላይ 07:30 ከተባለ በእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ነው። ይህን ያልነገርነው ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ በኋላ ነው ቦሌ የሚደርሰው።

ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከዲላ ተነስቶ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቀጠሮ ላለው ታካሚ "45 ደቂቃ ነው" የሚለው መረጃ ቀጠሮውን ያሳልፍበታል። ስለዚህ እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ስለ ጉዞ ስንጽፍ ኪሎ ሜትሩን፣ የበረራውን ደቂቃና ከደጅ እስከ ደጅ የሚፈጀውን ሰዓት ለየብቻ እናስቀምጥ። አንባቢው የትኛውን እንደነገርነው ካላወቀ፣ ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም እኮ አሳስተነዋል።