አልበሙ ከወጣ በኋላ ጉዞው ለምንድን ነው?

«እገሌና እገሌ የተባሉ ሁለት የሮክ ሙዚቀኞች አዲሱን አልበማቸውን ይዘው ከከተማ ወደ ከተማ ሊዞሩ ነው» የሚል ዜና ስንሰማ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ዘፈኑ ተቀርጿል፤ የፈለገ ሰው በቤቱ ይሰማዋል፤ ታዲያ ሰዎቹ ጊታር ተሸክመው በየአገሩ የሚንከራተቱት ምን ቸግሯቸው ነው? ከሙዚቃ ክበባችን አባላት መካከልም ይህንኑ የጠየቁ ስላሉ እንደሚከተለው ለማብራራት እንሞክራለን። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አንደኛው ምክንያት የእንጀራ ጉዳይ ነው። በካሴት ዘመን በእኛ አገር የተለመደው አሠራር ዘፋኙ ሥራውን ለሙዚቃ ቤት ሸጦ አንድ ጊዜ መከፈል ነበር። ካሴቱ ከዚያ በኋላ ምን ያህል ቢባዛ ለሱ የሚደርሰው ነገር እምብዛም ነው። በ2004 የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ፤ ቢሆንም ዘፈንን መገልበጥ ከመቼውም የቀለለው ከዚያ ወዲህ ነው። በአዳራሽ ውስጥ ፊት ለፊት የሚጫወት ሰው ግን አይገለበጥም። ስለዚህ አልበሙ ጥሪው ነው፤ ድግሱ ያለው መድረክ ላይ ነው።

እዚህ ላይ የቁጥር ነገር ይመጣል። አሥር ሰው ያለው ባንድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሶዶ ለመድረስ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ መጓዝ፣ አሥር አልጋ መያዝ፣ አሥር ሰው ማብላት አለበት። ስፒከሩና ሚክሰሩ፣ መብራት ቢጠፋ ደግሞ ጄኔሬተሩ አለ። ሁለት ሰዎች ቢሆኑስ? ከበሮውም ጊታሩም በአንዲት መኪና ይገባል፤ የመግቢያውም ገንዘብ ለሁለት ይካፈላል። «ድምፁ አይሳሳም ወይ?» እንዳትሉ! ቤዝ ጊታር የሌለው ቡድን የጊታሩን ድምፅ በእግር በሚረገጥ መሣሪያ አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርጎ ቦታውን ይሞላል፤ ከበሮ መቺውም ክፍተት አይተውም። በሰው ብዛት ብቻ አይደለም እኮ ሙዚቃ የሚሞላው። እምቢልታን ተመልከቱ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ብቻውን የሚያወጣው ሁለት ሦስት ድምፅ ቢሆን ነው፤ ተራ እየጠበቁ ሲነፉት ግን ሙሉ ዜማ ይሆናል። በወላይታም በጊፋታ ሰሞን አንዱ ሲያወጣና ሌላው ሲቀበል የሰማ ሰው ይህንን ለመረዳት አይቸገርም።

ሁለተኛው ምክንያት ከገንዘቡ ይበልጥብናል። ዘፈን ሲቀረጽ አለቀ ማለት አይደለም፤ በየመድረኩ ሲጫወቱት ይለወጣል። ለዚህም ከእኛው አገር ሰው የተሻለ ምሳሌ አናገኝም፤ ይኸውም ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ናቸው።

ጌታቸው በ1935 ይፋት ተወለዱ። በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምረው በቴአትር ቤትና በፖሊስ ኦርኬስትራ ተጫውተዋል። ትልቁ ሥራቸው ሽለላን ከሸላዩ ጉሮሮ ወስደው በሳክስፎን ማስጮኻቸው ነው። ሽለላ እንደምታውቁት ልክ ባለው ምት አይታሰርም፤ ሸላዩ ቃሉን ይስባል፣ ያቋርጣል፣ ድንገት ይወረውራል። ሳክስፎኑም እንዲሁ አደረገ።

ዘ ኤክስ የሚባል በ1979 የተመሠረተ የሆላንድ የሮክ ቡድን አለ። በ2002 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ተዘዋውሮ ተጫውቷል። በ2004 ቡድኑ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጌታቸውን ወደ አምስተርዳም ጋበዘ። በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም አብረው አወጡ፤ ይህንኑ ይዘው በአውሮፓ ከተሞች ዞሩ። በ2008ም በኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር ተጫወቱ። ሰውየው እኮ 70 ዓመት አልፏቸው ነበር! ሌላው በጡረታ ደጃፉ ላይ ፀሐይ በሚሞቅበት ዕድሜ እሳቸው ከጩኸታም ጊታሮች ፊት ቆመው ይሸልሉ ነበር። በእኛ አስተያየት ነገሩን ያሳመረው ማንም ማንንም አለማስመሰሉ ነው። ከበሮው ምቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ሳክስፎኑ በላዩ ላይ እንደ ልቡ ይሄዳል። በ2012 ሁለተኛ አልበም ጨመሩ፤ ጌታቸውም በ2016 ዓረፉ።

ጉዞ ሁሉ ግን እንዲህ አያምርም። ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሂልተን ሲጫወት በሰዓት እላፊው ምክንያት ታዳሚው ወደ ቤቱ መመለስ ስለማይችል ሌሊቱ እዚያው ይነጋ ነበር። በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ አወጡ፤ በ1981 ወደ አሜሪካ ዞረው እንዲጫወቱ ሄዱ። ከጉዞው የተመለሱት ሁሉም አልነበሩም። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያና ግርማ በየነ ከቀሩት መካከል ነበሩ፤ ባንዱም በዚያው ተከፈለ። ኃይሉ ከዓመታት በኋላ በዋሽንግተን አካባቢ የታክሲ ሾፌር ሆኑ። ኪቦርዳቸውን በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ይዘው፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመዱ ነበር። በ1985 ብቻቸውን የቀረጹት ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ወጣና ዓለም አስታወሳቸው፤ «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበማቸውን በ2018 ይዘው ሲዞሩ ዕድሜያቸው ከ70 በላይ ነበር። በመካከል ያለፈውን ጊዜ ቁጠሩት። አንድ ሙዚቀኛ ከመድረክ ሲርቅ የሚጎድለው ገንዘቡ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ነገ ክፍል ገብታችሁ ሙዚቃ ለምታስተምሩ አንድ መልመጃ እንጠቁም። ግርማ በየነ የደረሱት «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለ ያለ ግጥም የሚጫወት ቁራጭ በዋልያስ የ1977 ሸክላም በ«ሞዓ አንበሳ»ም ላይ ይገኛል። መጀመሪያ የዋልያስን አሰሙ፤ ኦርጋኑንና ቤዙን ለይተው እንዲያዳምጡ አድርጉ። ቀጥላችሁ የጌታቸውንና የሮኩን አሰሙ። ዜማው ያው ነው። ልጆቹ ግን በሁለቱ ላይ የሚያጨበጭቡት በአንድ ዓይነት ኃይል መሆኑንና አለመሆኑን እስቲ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ።