ሆዷ የሞላ ላም ሁሉ የጠገበች አይደለችም

ላም ለመግዛት ገበያ የወጣ ሰው መጀመሪያ ጡቷን፣ ቀጥሎም ሆዷን ያያል። ጎኗ ሞላ ያለ ላም በደንብ የተቀለበች ተብላ ዋጋዋ ከፍ ይላል። ይሁንና በከተማና በከተማ ዙሪያ ከሚረቡት የወተት ላሞች የአንዳንዶቹን ሆድ የሞላው ድርቆሽና ፉርሽካ ሳይሆን ፌስታል፣ ገመድና ጨርቅ ነው። በአዲስ አበባ ቄራ በታረዱ በጎችና ፍየሎች፣ በጅማ ቄራ ደግሞ በታረዱ ከብቶች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች በጨጓራ ውስጥ ከተገኙት ባዕድ ነገሮች ፕላስቲክ ቀዳሚ መሆኑን አሳይተዋል። ገዢው ይህን የሚያውቀው ግን ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው።

ከብት እንደ ፍየል በከንፈሩ እየመረጠ አይበላም። ያገኘውን በምላሱ ጠቅልሎ፣ በቅጡ ሳያላምጥ ይውጥና በኋላ ያመሰኳል። ትራፊ ምግብና ጨው የነካው ፌስታል ደግሞ በሽታው ይስበዋል። በመኖው ውስጥ ጨውና ፎስፈረስ ሲጎድል አጥንትና ጨርቅ ጭምር ማኘክ ያበዛል። ግጦሽ በጠበበበትና መኖ በተወደደበት ከተማ፣ ቆሻሻ መጣያ ዳር የተለቀቀ ከብት ይህ ቢደርስበት አያስገርምም።

የተዋጠው ፌስታል አይፈጭም፣ አይበሰብስም፤ ወደፊት አልፎ ከእበት ጋር የመውጣት ዕድሉም ጠባብ ነው። ከገመድና ከጨርቅ ጋር እየተቋጠረ በጨጓራ ውስጥ የመኖውን ቦታ ይይዛል። ላሟ ትንሽ በልታ ትተዋለች፣ ማመስኳቷ ይቀንሳል፣ ሆዷ ደጋግሞ ይነፋል፣ ወተቷ ይጎድላል፤ ሆዷ እንደሞላ ሰውነቷ ግን ይከሳል።

ሽቦና ምስማር የሚያደርሱት ጉዳት ከዚህ ይለያል። እነዚህ ከጨጓራው ፊት ለፊት ባለችውና እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ በሆነችው የሆድ ክፍል ይቀመጣሉ። ይህቺ ክፍል ከልብ የምትለየው በጥቂት ርቀት ብቻ ነው። ስለት ያለው ብረት ሲወጋት ላሟ ጀርባዋን ታጎብጣለች፣ ቁልቁለት መውረድ ትፈራለች፣ ታቃስታለች። ብረቱ ልብ ዘንድ ከደረሰ ፍርምባዋ ያብጣል፣ የአንገቷ ደም ሥር ይገተራል። በዚህ ደረጃ ቀዶ ሕክምና የሚያድናት እምብዛም ነው።

ቀደም ብሎ ከተደረሰበት ግን ጨጓራን ከፍቶ ማጽዳት የቆየና የታወቀ ሕክምና ነው። ላሟ እንደቆመች የግራ ጎኗ ይላጫል፣ ይጸዳል፣ በመርፌ ይደነዝዛል። ሐኪሙ ቆዳውንና ሥጋውን ከቀደደ በኋላ የጨጓራውን ግድግዳ ወደ ውጭ ስቦ ከቆዳው ጋር ያያይዘዋል፤ ይህም ፈርሱ ወደ ሆድ ዕቃ ፈሶ እንዳይመርዛት ነው። ከዚያም ጨጓራውን ከፍቶ ባዕዱን ነገር በእጁ ያወጣል፣ መልሶም ይሰፋል። የቆዳው ክር ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ይወጣል።

የባለቤቱ ሒሳብ እዚህ ላይ ነው። በአንድ በኩል የሐኪሙ ክፍያ፣ የመድኃኒቱ ዋጋና ሳይሸጥ የሚቀረው ወተት፣ በሌላ በኩል ላሟ ድና የምትሰጠው ወተትና ጥጃ ይመዘናሉ። ብዙዎች የሚሳሳቱት በቅደም ተከተሉ ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ በየሳምንቱ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ያስወጋሉ። መድኃኒቱ የተወጋች ላም ደግሞ በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈው የመታቀቢያ ጊዜ እስኪያልፍ ወተቷም ሥጋዋም ለምግብ መዋል የለበትም። በመጨረሻ ላሟ ለቀዶ ሕክምና የደከመች፣ ለቄራም ያልደረሰች ሆና ትቀራለች። ስለዚህ ይከፈት ወይስ ይሸጥ የሚለው ውሳኔ መርፌው ሳይደጋገም፣ ላሟም ሳትከሳ መሰጠት አለበት።

ገዢው ራሱን የሚጠብቅበት መንገድ ወጪ የለውም፤ ጥቂት ቆሞ ማየት ነው። ጤነኛ ላም በቀን ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ያህል ስለምታመሰኳ፣ በልታ ስታርፍ ስታመሰኳ መታየቷ አይቀርም። በግራ በኩል በመጨረሻው ጎድንና በዳሌው መካከል ባለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ጭብጥ ሲደገፍ፣ ጨጓራው በደቂቃ አንድ ሁለት ጊዜ ሲነሳና ሲወድቅ ይሰማል። እንቅስቃሴው ከደከመ ወይም ቦታው እንደ ሊጥ ተጫን ተጫን ካለ ጥርጣሬ ይገባል። ቀብድ ከመክፈል በፊት ሐኪም ማሳየት ይሻላል።

ለአርቢው ደግሞ መኖን አበጥሮ መስጠት፣ አሞሌ ወይም ሌላ የማዕድን ጨው ማስላስ፣ የሽቦ ቁራጭ በበዛበት ግቢም ብረት ይዞ የሚያስቀር ማግኔት በሐኪም ማስዋጥ ከቀዶ ሕክምና የረከሰ መከላከያ ነው። ስስ ፌስታልን የከለከለው አዋጅ ቁጥር 513 በ1999 ዓ.ም. ወጥቷል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ጠበቅ ያለ አዋጅ ጸድቋል። ሕጉ የነገውን ፌስታል ሊያስቀር ይችላል። ትናንት የተዋጠውን ግን የሚያወጣው የሐኪም እጅ ነው፤ ያም በጊዜው ከተጠራ።