ስለ ኤሌክትሪክ መቀበያ ጃክ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፥ በጀሞና በለቡ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ከምንኖረው መካከል ብዙዎቻችን ራውተር አለን፤ መብራት ሲጠፋም ራውተሩ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በ12 ቮልት ባትሪ የሚያቆየውን ትንሽ ሰርኪት በገዛ እጃችን ለመሥራት ብንነሣ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን ሰው ሁሉ ስለ ሰርኪቱ ሲጨነቅ፥ ኤሌክትሪኩ ስለሚገባባት ቀዳዳ የሚያስብ ጥቂት ነው። (የሰፈራችን ስም ያለ ሽቦ የሚሠራውን ስልክ ቢያስታውስም፥ ኤሌክትሪኩ ገና በንፋስ አልመጣልንም።)

የተለመደው ክቡ ጃክ ነው። የሚሰካበት የአዳፕተር ጫፍ የውጭ ስፋቱ ብዙውን ጊዜ 5.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ የውስጥ ቀዳዳው ግን 2.1 ወይም 2.5 ይሆናል። ይህች የ0.4 ሚሊ ሜትር ልዩነት በዐይን አትለይም፤ ጣጣዋ ግን ብዙ ነው። ባለ 2.1 ጫፍ 2.5 ውፍረት ባለው የጃክ መርፌ ላይ አይገባም፤ ይህ እንኳ ደግ ነው፥ ወዲያው ይታወቃልና። ባለ 2.5 ጫፍ በ2.1 መርፌ ላይ ሲሰካ ግን በደንብ የገባ መስሎ ይላላል፤ ጠረጴዛው በተነካ ቁጥርም ይቋረጣል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ብዙ የ19 ቮልት የላፕቶፕ አዳፕተሮች ጫፋቸው 5.5 በ2.5 መሆኑ ነው። አዳፕተሩ የጠፋበት የቤት ጓደኛ የላፕቶፑን አንሥቶ ይሰካል፤ ጃኩም ማን ነህ ሳይል ይቀበለዋል። ካፓሲተሩን 35 ቮልት የሚችል ማድረግ ቦርዱን ይጠቅማል እንጂ ከኋላ ያለውን ራውተር አያድነውም። ስለዚህ በጃኩ አጠገብ «12 ቮልት ብቻ» ብሎ በማይለቅ ቀለም መጻፍ ከብዙ ብልኀት ይበልጣል።

ጃኩ ሦስት እግር አለው። አንዱ ከመርፌው፥ ሁለተኛው ከጫፉ የውጭ ቀለበት ጋር ይገናኛል። ሦስተኛው አዳፕተር ሳይሰካ ሁለተኛውን ነክቶ ይቆያል፤ ሲሰካ ይለያል። በባትሪም በአዳፕተርም ለሚሠራ ራዲዮ ይህ መልካም ነው፤ የባትሪው ኔጌቲቭ በሦስተኛው እግር ካለፈ፥ አዳፕተር ሲሰካ ባትሪው ራሱ ይቆረጣል። ለእኛ ጉዳይ ግን ከንቱ ነው! መብራት ሲጠፋ አዳፕተሩ እንደ ተሰካ ስለሚቆይ፥ ባትሪው በሚፈለግበት ሰዓት ተቆርጦ ይቀራል። እንግዲህ ሦስተኛውን እግር ባዶውን ትቶ፥ የአዳፕተሩንና የባትሪውን ፖዘቲቭ ለየብቻ በዳዮድ ማሳለፍ ይሻላል። ለምሳሌ 1ኤን5822 የተባለው 3 አምፔር ይችላል፤ የሚበላውም ወደ ግማሽ ቮልት ነው። ይኸው ዳዮድ ተገልብጦ የመጣንም ኤሌክትሪክ ያግዳል። ይህም ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አብዛኛው አዳፕተር መካከሉ ፖዘቲቭ ቢሆንም፥ እንደ ጊታር ፔዳል አዳፕተር ያለው መካከሉ ኔጌቲቭ ነው። ምልክቱ በአዳፕተሩ ጀርባ ላይ ታትሟል፤ በቴስተር ማረጋገጥም የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

አሁን ወደ አተካከሉ እንለፍ። የጃኩ እግሮች ጠፍጣፋ ናቸው፤ ስፋታቸውም ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ቀዳዳዎቹ 1 ሚሊ ሜትር በሆነው የመለማመጃ ቦርድ ላይ አይገቡም። በትራፓኖ ጎን ለጎን በስቶ በቀጭን ሞረድ ማገናኘት ይቻላል፤ ሆኖም በዙሪያው የሚተርፈው መዳብ ትንሽ ስለሚሆን ሊዱ የሚይዘው ያጣል። ቦርዱን ራሳችን የምንነድፈው የሆነ እንደሆነ ግን ረዘም ያለ ቀዳዳና ሰፊ መዳብ እንስጠው፤ መሳያው ፕሮግራም ውስጥ ያለውን ሥዕል ሳናምን በእጃችን ያለውን ጃክ በካሊፐር እንለካ። የጃኩም አፍ ከቦርዱ ጠርዝ ጋር ይስተካከል ወይም ጥቂት ይውጣ፤ ወደ ውስጥ ከገባ የአዳፕተሩ ጫፍ ቦርዱን እየገፋ ሳይደርስ ይቀራል።

ደግሞም ጃክ የእጅ ጉልበት የሚያርፍበት ዕቃ ነው። በየቀኑ ሲሰካና ሲነቀል ጉልበቱ በሊዱ ላይ ካረፈ፥ ብየዳው ይሰነጠቃል ወይም መዳቡ ከቦርዱ ይላጣል። በእኛ አስተያየት፥ ለእንዲህ ያለው ሥራ በሣጥኑ ግድግዳ ላይ በዳዶ የሚታሠረው ጃክ ይበልጣል፤ ጉልበቱን ሣጥኑ ይሸከማል፥ ወደ ቦርዱም ሁለት ሽቦ ብቻ ይሄዳል።

5 ቮልት የሚበቃው ሥራ ከሆነ ግን ስለ ክቡ ጃክ መጨነቅ አያስፈልግም፤ የስልክ ቻርጀር በየቤቱ አለና ዩኤስቢ ሲ እንትከል። ሁለቱ ሲሲ የተባሉት እግሮች እያንዳንዳቸው በ5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከግራውንድ ጋር ይገናኙ። ይህ ከቀረ በሁለቱም ጫፍ ሲ የሆነ ገመድ ምንም አይሰጥም፤ አሮጌው ባለ ሰፊ ጫፍ ገመድ ግን ስለሚሰጥ፥ ጥፋቱ የቻርጀሩ ይመስላል።