ከጎታ እስከ ሸራ፦ የኢትዮጵያ ሴት ሠዓሊያን ጉዞ

ከጎተራ ተነስቶ በመስቀል አደባባይ በኩል ወደ ካዛንቺስ የሚያመራ መንገደኛ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን የአፍሪካ አዳራሽ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው ይህ አዳራሽ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ላይ የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የመጪ ዘመን ያሳዩበትን ሥራ ይዟል። አዳራሹ በተከፈተበት ወቅት በአገሪቱ ስማቸው ጎልቶ ይጠራ የነበሩት ሠዓሊያን ወንዶች ነበሩ።

ለዚህ ዋነኛው ምክንያት የሙያው አወራረስ ነው። ሥዕል ለዘመናት ከቤተ ክህነት ትምህርት ጋር ተያይዞ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ቆይቷል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ሴቶች ቦታ የነበራቸው በአሠሪነትና በተሣይነት ነው። በጣና ሐይቅ፣ ደቅ ደሴት በሚገኘው የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እርሳቸው ሲሆኑ ብሩሹን የያዘው ግን ሌላ ነው።

የሴቶች እጅ ግን ሥራ ፈትቶ አልኖረም። ጎተራ የሚለው የሰፈር ስም የእህል ማከማቻን ያስታውሳል፤ በገጠር ቤት ውስጥ እህል የሚቀመጥበትን ጎታ ከጭቃና ከጭድ አቡክተው የሚያበጁት ሴቶች ናቸው። የመሶቡን ቀለማት መርጠው በስፌት የሚያዋድዱት፣ የሐረርን ቤቶች ግድግዳ በስፌት ሥራ ያስጌጡትም እነርሱው ናቸው። ይሁንና ይህ ሁሉ የቤት ሙያ ተባለ እንጂ ሥዕል አልተባለም፤ የሠሪዋም ስም አልተመዘገበም። በእርግጥ ከጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊያንም ብዙዎቹ ስማቸውን አላኖሩም። ልዩነቱ የእነርሱ ሥራ በክብር መጠበቁ ነው።

ለውጡ የመጣው በትምህርት ቤት በኩል ነው። ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊያን ቤተሰብ የተገኙትና በአሜሪካ ቺካጎ የተማሩት ሠዓሊ ዓለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን መሠረቱ። የሌሎች አገሮችም መንገድ ቀላል አልነበረም። በጃፓን የቶኪዮ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሴቶችን መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1946 ሲሆን፣ ሠዓሊት ኡኤሙራ ሾኤን የአገሪቱን የባህል ኒሻን ከሴቶች ቀዳሚ ሆነው የተቀበሉት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ካለፉት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ የዓድዋ ተወላጇ ሠዓሊ ደስታ ሐጎስ ናቸው። በኢትዮጵያ የግል የሥዕል ዐውደ ርዕይ በማቅረብ የመጀመሪያዋ ሴት ተብለው የሚታወቁ ሲሆን፣ ትምህርታቸውን በካሊፎርኒያ ሉተራን ኮሌጅ ቀጥለዋል። ለሴት በተለይ ከባድ የነበረው መመረቁ ሳይሆን ከተመረቁ በኋላ የራስን ስም ይዞ በሕዝብ ፊት መቆሙ ነበርና የዐውደ ርዕዩ ፋይዳ ከፍ ያለ ነው።

የሠዓሊና ገጣሚት ከበደች ተክለአብ ታሪክ ደግሞ ከሌሎቹ ይለያል። በዚሁ ትምህርት ቤት ሲማሩ ቆይተው በደርግ ዘመን አገር ለቀው ሲሸሹ በሶማሊያ ጦር ተያዙ፤ ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜም በእስር አሳለፉ። ከተፈቱ በኋላ ወደ አሜሪካ አቅንተው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል፣ በመምህርነትም ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በዋሽንግተን የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የዲያስፖራ ኢትዮጵያውያንን ሥራዎች ሲያሳይ እርሳቸው፣ ኤልሳቤጥ አጥናፉ፣ ኤልሳቤጥ ሀብተወልድና ጁሊ ምሕረቱ ከተሳታፊዎቹ መካከል ነበሩ።

ከቅርብ ጊዜ ተመራቂዎች ሠዓሊ መሪኮከብ ብርሃኑ እ.ኤ.አ. በ2022 በቬኒስ ቢየናሌ ዋና ዐውደ ርዕይ ሥራዎቻቸውን አሳይተዋል። በአዲስ አበባ ተወልደው በሕፃንነታቸው ወደ አሜሪካ የሄዱት ጁሊ ምሕረቱ አንድ ሥዕላቸው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 በኒውዮርክ ጨረታ 10 ነጥብ 7 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ሥራዎቻቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ለትውልድ ከተማቸው ነዋሪዎች ቀርበው ነበር።